ሁለተኛው ሰው ሳይሰማ

ሸዋ ሮቢት ላይ እንዳስተምር የተሰጠኝ ትምህርት ማንም ያልፈለገው ነበር። ሒሳብ ባለቤት ነበረው። እንግሊዝኛም ነበረው። አማርኛንማ ሦስት አስተማሪዎች ይሻሙት ነበር። ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ዜግነት የሚነገርበት ክፍለ ጊዜ ግን መጨረሻ ለመጣ ሰው ይሰጣል፤ መጨረሻ የመጣሁት ደግሞ እኔ ነበርኩ። ሰዓቱም ከቀትር በኋላ ነው። የሮቢትን ቀትር የማያውቅ ሰው ይህን እንደ ቀላል ነገር ያልፈዋል። ቆርቆሮው ከላይ ያቃጥላል፣ ስልሳ የሚሆን ልጅ ከታች ይተነፍሳል፣ ጠመኔው በላብ ከጣት ላይ ይንሸራተታል። እዚያ ውስጥ ቆሞ ስለ ሁለቱ ምክር ቤቶች ማውራት የጀግና ሥራ ነው። እኔ ደግሞ ጀግና ሳልሆን ሃያ ዓመቴን ገና የረገጥኩ፣ በነገር የምቸኩል፣ አፌ ከሐሳቤ የሚቀድም ልጅ ነበርኩ።

የመጣሁት ከደብረ ሲና ነው። ደብረ ሲና ሰው በጉም ውስጥ ጎረቤቱን በድምፁ የሚለይበት አገር ነው። ከዚያ አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ቁልቁለቱን ሳይጨርስ ጋቢውን ያወልቃል፣ ሮቢት ሲደርስ ደግሞ ሌላም የሚወልቅ ነገር ቢኖር ይመኛል። በመጣሁ በሳምንቱ ወባ ያዘኝ፤ የወባው ኪኒን ደግሞ ጆሮዬን ሲያጮኸው ሰነበተ። ከዚያ አንዲት ተማሪዬ ፓፓያ ይዛልኝ መጣች፤ እሱን ከበላሁ በኋላ አገሩን ይቅር አልኩት።

አባቴ እንድወርድ የፈቀደልኝ በውል ነው። አባቴ ያለ ውል ነገር አያደርግም። ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ የመሬት ክርክር የነበረው፣ ከዳኛ ወደ ዳኛ በይግባኝ ሲመላለስ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ውሉ እንዲህ ነበር። አዲስ አስተማሪ መጀመሪያ በሙከራ ነው የሚቀጠረው። እስከ ፋሲካ ድረስ ቋሚ ሆኜ ከጸደቅሁ አስተማሪነቱ ይሁንልሽ ተባልኩ። ካልጸደቅሁ ግን ተመልሼ የሰፈራችንን ወፍጮ ባለቤት አገባለሁ።

የወፍጮው ባለቤት ክፉ ሰው አልነበረም፤ በሐሜት እንዳይሆንብኝ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ሚስቱ የሞተችበት፣ ሃይማኖተኛ፣ ቅንድቡ ላይ ሁልጊዜ ዱቄት የማይጠፋ ሰው ነበር። ችግሩ ጆሮው ነው። በወፍጮው ጩኸት ዕድሜ ልኩን ስለኖረ ጆሮው ደክሟል፤ እሱ የማይሰማውን ሰው ሁሉ የማይሰማ ስለሚመስለው ሲናገር ይጮኻል። «ደህና ዋልሽ» ሲለኝ ሰፈሩ በሙሉ እግዚአብሔር ይመስገን ይል ነበር። ከአባቴ ጋር አንድ ቀን ከቅዳሴ መልስ ተቀምጠው ነገሩን ጨረሱት። እኔን የጠየቀኝ የለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ያኔ አልገረመኝም፤ የትኛዋ ሴት ተጠይቃ ታውቃለችና።

ዳይሬክተራችን ዜማ ተምረው ያደጉ ሽማግሌ ነበሩ። በዚያ ሙቀት ኮታቸውን አውልቀው አያውቁም። የሕገ መንግሥቱን መጽሐፍ በሁለት እጃቸው ይዘው ሰጡኝና ልጆቹ በቃላቸው እንዲይዙት፣ ጥያቄ የሚባል ነገር እንዳይኖር አዘዙኝ። ለምን እንደፈሩ ይገባኛል። አዲስ አበባ ተማሪ ተሰለፈ፣ አዲስ አበባ ተማሪ ታሰረ የሚል ወሬ ወደ ደሴ ከሚያልፈው አውቶቡስ ሁሉ ይወርድ ነበር። ዳይሬክተሩ ጡረታቸው ደርሷል፤ የእሳቸው ምኞት ሳይሰለፉና ሳይታሰሩ እሱን መብላት ብቻ ነበር።

እንደታዘዝኩት ጀመርኩ። የስድስተኛ ክፍል ልጆች የቃል ጥናት የሚፈሩ አይደሉም፤ ክርስቲያኖቹ ዳዊት ደግመው፣ እስላሞቹ ቁርዓን ቀርተው የመጡ ናቸው። አንቀጹን አንድ ቀን ባነብላቸው በማግስቱ እንደ ውኃ ያወርዱታል። አንዱን አስነሥቼ «ምን ማለት ነው?» ብዬ ስጠይቀው ግን ያንኑ አንቀጽ ደገመልኝ። አይደለም፣ ትርጉሙን ንገረኝ አልኩት። አልሰማችኝም ብሎ ነው መሰል ጮክ አድርጎ ደገመው። የወፍጮው ባለቤት ትዝ አለኝና ደነገጥኩ።

ስለዚህ ሌላ ዘዴ አመጣሁ። ክፍሉን በሦስት ከፈልኩት። በመስኮቱ በኩል ያለው ረድፍ ሕግ ያወጣል፣ መካከለኛው ያስፈጽማል፣ በግድግዳው በኩል ያለው ይዳኛል። የአስተማሪዎች ማሠልጠኛ ቤት እንዲህ አድርጉ ተብለን ነበር፤ በዚያ መልካም ሆኖ ነበር። የሮቢት ልጆች ግን ይህን እንደሰሙ ደብተራቸውን ሰብስበው በሙሉ ወደ ግድግዳው ተሰደዱ። የመስኮቱ ረድፍ ባዶውን ቀረ። ሕግ የሚያወጣ ጠፍቶ ነው እንዴ ብዬ ብቆጣ በሮቢት ዙሪያ ካለው ከቀወት የመጣ አንድ የገበሬ ልጅ በትሕትና ተነሥቶ፣ «እትዬ፣ ሕጉማ አለ አይደል? ምን እናውጣ? የቀረው መሟገቱ ነው» አለኝ።

የዚያን አገር ሰው ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሰው ሌላ አገር ለመዝናናት ዘፈን ይሰማል፤ የቀወት ሰው ሙግት ይሰማል። አባቶቻቸው ወረዳ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጉዳይ ሳይኖራቸው ሲያዳምጡ ይውላሉ፤ ማን እንዴት አድርጎ በትሩን እንደጨበጠ፣ ማን ምስክሩን እንዴት እንዳፋጠጠው ማታ ለቤተሰብ ያወራሉ። ልጆቹ በዚህ ያደጉ ናቸው። ፓርላማ አይተው አያውቁም፤ ችሎት ግን ከጡት ጋር ጠብተውታል። እኔም ግድግዳው ጋ ከሄዱ እዚያው ላስተምራቸው ብዬ ሕገ መንግሥቱን በችሎት በኩል አስገባሁት። ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ሲባል ምን ማለት እንደሆነ፣ ማንም ሰው ሳይሰማ እንደማይቀጣ፣ ዳኛ የወደደውን ሳይሆን ሕጉ ያለውን እንደሚፈርድ፣ ይህን ሁሉ በእርሳስ ስርቆትና በመቀመጫ ግፊያ ክስ ተማርን።

ዳኛ ሆና የምትመረጠው ሁልጊዜ አንዲት ልጅ ነበረች። እናቷ መንገድ ዳር ምግብ ቤት አላት፤ የደሴ ሹፌሮች እዚያ ይበላሉ፣ እዚያ ይጣላሉ። ልጅቷ ሳህን ስታነሣ የሰማችው ጠብ ለአንድ ጠቅላይ ግዛት ይበቃል። ረጅም፣ ድምፀ ወፍራም፣ ሳቅ የማያውቃት ልጅ ነበረች። ከሳሹ የቱንም ያህል አንጀት ቢበላ እሷ ዝም ብላ ታዳምጥና፣ «ሁለተኛው ሰው ይሰማ» ትላለች። ይህን ስትል እኔ ራሴ ቀጥ ብዬ እቀመጥ ነበር።

ነገሩ ክፍል ውስጥ ቢቀር ደግ ነበር። አልቀረም። አንድ እሑድ ጠዋት በሬን ብከፍት ሁለት ተማሪዎቼ እንደ አገሩ ጠበኞች ነጠላቸውን ጫፍና ጫፉን ተቋጥረው ቆመዋል፤ ይዳኙን ሊሉኝ ነው። በሌላ ቀን አንዲት እናት ከገበያ መልስ አስቆመችኝና ወተት የደፋ ልጇን ልትገርፍ ስትል ቆይ መጀመሪያ ዋስ ልጥራ እንዳላት ነገረችኝ። ዋሱ ማን ሆነ መሰላችሁ? አያቱ። ሴትየዋ ይህን ስትነግረኝ በአንድ በኩል ልትቆጣኝ፣ በሌላ በኩል ልትስቅ እየፈለገች አቃታት። የመጨረሻው ግን ከባድ ነው። ዳይሬክተራችን አርፍዶ የመጣ ልጅ ሊቀጡ አለንጋቸውን ሲያነሡ ልጁ እጁን ዘርግቶ ለምን እንዳረፈደ እንዲሰሙት በሕግ አምላክ ጠየቃቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ በሕግ አምላክ ተብለው አልፈው የማያውቁ ሰው ናቸውና እጃቸው በአየር ላይ ቀረ።

ቢሯቸው አስጠሩኝ። አለንጋው ገና እጃቸው ላይ ነበር።

«ሕገ መንግሥት አስተምሪ አልኩሽ እንጂ ሙግት አስተምሪ አልኩሽ?» አሉኝ።

መልስ ነበረኝ፤ ግን ቀጥለው የተናገሩት አፌን አስያዘኝ። የሚያጸድቀኝ ኢንስፔክተር በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። ልጆቹ አንቀጾቹን በአንድ ድምፅ እንዲወጡለት፣ ዳኝነትና ነጠላ መቋጠር የሚባለው ከዚህች ቀን ጀምሮ እንዲቀር፣ አለዚያ ግን እሳቸው ራሳቸው እንድሰናበት እንደሚጽፉ ነገሩኝ። ወፍጮው ጆሮዬ ውስጥ መዞር ጀመረ። እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ ማለት በዚያን ዘመን የነበረኝ ትልቁ ችሎታ አልነበረም፤ ያን ቀን ግን ቻልኩበት።

ሳምንቱን ሙሉ አስጠናኋቸው። እኔ «አንቀጽ» ብዬ ቁጥሩን ስጠራ ልጆቹ በአንድ ትንፋሽ ይወጡታል፤ አቁሙ የሚባሉት በአለንጋ እጀታ ጠረጴዛውን ስመታ ብቻ ነው። ሳልመታ ከዘገየሁ ወደ ቀጣዩ አንቀጽ ይሻገራሉ። ዳኛዋ ልጅ ከኋላ ተቀምጣ አፏን ታንቀሳቅሳለች፤ ዓይኗ ግን ምነው እትዬ የሚል ይመስለኝ ነበር። እኔም ወደሷ አላይም።

ቀኑ ደረሰ። የየካቲት መጨረሻ ነው። ልጆቹን አሰልፈን አስፋልቱ ዳር ሾላው ሥር ቆመን እንጠብቃለን፤ ዳይሬክተሩ በር ላይ ናቸው። አውቶቡሱ ቀረ። ለካ ጎማው ከድልድዩ ወዲያ ፈንድቶ ኖሯል። ኢንስፔክተሩ መጠበቁ ሰልችቶት ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ጥቁር ጥላ ዘርግቶ በእግሩ ብቅ አለ። ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። እኛ ጋ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረው ከሌላው ወገን በወረዳው መንገድ ሁለት ገበሬዎች መጡ።

ኩታቸው ተቋጥሯል። የዚያን አገር ልማድ አብዛኛው ሰው አሁን ስለማያውቀው ልናገረው። የተጣሉ ሰዎች ኩታቸውን እርስ በርስ ቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ መንገድ ላይ ትልቅ ሰው ካገኙ ደግሞ ዳኘን ይሉታል። የተጠራ ሰው እምቢ አይልም፤ ቋጠሮውም ያለ ፍርድ አይፈታም። ልማዱ ያኔም እየቀረ ነበር፣ ምክንያቱም ወረዳ ፍርድ ቤት አለ። እነዚህ ሰዎች የተመለሱት ግን ከዚያው ነው። ዳኛው ለስብሰባ ደብረ ብርሃን ሄደዋል ተብለዋል። ስለዚህ ሁለቱ ጠበኞች በዚያ ፀሐይ እንደተቋጠሩ ወደ ቀወት ሊመለሱ፣ ምናልባትም እንደተቋጠሩ ሊያድሩ ሆነ። ባርኔጣውንና ጥላውን ሲያዩ ከሰማይ የወረደላቸው መሰላቸው።

«በሕግ አምላክ፣ ጌታው፣ ይዳኙን» አለ አንደኛው።

ኢንስፔክተሩ የትምህርት ቤት ሰው መሆኑን፣ ጉዳያቸውም እንደማይመለከተው ነግሯቸው ሊያልፍ ሞከረ። የተማረ ሰው ከሆነማ ጭራሽ ደስ እንዳላቸው መለሱለት። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብሎ ሊሾልክ ሲል ሌላኛው ገበሬ በትሩን መሬት ላይ መትቶ፣ «ጃንሆይ ይሙት፣ ሳይዳኙን አይሄዱም» አለ። የኢንስፔክተሩ እግር እንደተነሣ ቀረ። የመንግሥት ሠራተኛ በስልሳ ተማሪ ፊት የጃንሆይን ስም ተራምዶ እንዴት ያልፋል? ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ሾላው አየሁ። ሾላው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ መሐረቡን ዘርግቶ ተቀመጠ። ልጆቹ ሰልፋቸውን በትነው በግማሽ ክብ ቁጢጥ አሉ፤ ለእንዲህ ያለ ነገር ማን እንደሚጠራቸው አላውቅም።

ከሳሹ በትሩን ተደግፎ ጀመረ። ጉዳዩ የመስኖ ውኃ ነው። ከሮቢ ወንዝ የሚጠለፈውን ውኃ በተራ ነው የሚያጠጡት፤ የእሱ ተራ በነበረበት ሌሊት ውኃው ወደ ጎረቤቱ ማሳ ሲፈስ አድሮ ሽንኩርቱ ጠውልጓል። መልካም ተናጋሪ ነበር። ልጆቹም ተከሳሹም በእያንዳንዱ ቃል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ኢንስፔክተሩ ብቻ ሰዓቱን ያያል። ሰውየው ትንፋሽ ለመውሰድ ባቆመበት ብድግ አለና ተከሳሹን፣ «በቃ፣ ጥፋተኛው አንተ ነህ፤ የሚቀጥለውን ተራህን ስጠው» ብሎ ባርኔጣውን አነሣ።

ከልጆቹ መካከል አንዲት ረጅም ልጅ ተነሣች። ምነው እትዬ ይለኝ የነበረው ዓይኗ አሁን ወደ እኔ አልነበረም።

«በሕግ አምላክ» አለች በዚያ ወፍራም ድምፅዋ። «ሁለተኛው ሰው አልተሰማም።»

እዚህ ላይ ብትቆም ኖሮ ምናልባት እንደ ልጅ ነገር ይታለፍ ነበር። እሷ ግን የምትናገረውን ነገር ማስረጃ ልትሰጠው ብላ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን የሚናገረውን አንቀጽ ከነቁጥሩ ጠራች። አንቀጽ ስትል ሳምንቱን ሙሉ የተገሩት ልጆች በሙሉ ብድግ አሉና በአንድ ድምፅ ወጡት። እንደዚያ ያማረ ንባብ በልምምድ ቀን አላገኘሁም ነበር። አንቀጹ አለቀ፤ የሚመታ ጠረጴዛ የለም፤ ወደ ቀጣዩ ተሻገሩ። ላስቆማቸው እጄን ባወዛውዝ የሚያየኝ ጠፋ። ገበሬዎቹ ጸሎት መስሏቸው አንገታቸውን ደፉ። ሦስተኛው አንቀጽ ካለቀ በኋላ ልጆቹ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ከሳሹ «አሜን» አለ።

ኢንስፔክተሩ ባርኔጣውን አወለቀ። ላቡን ጠረገ። ወደ ድንጋዩ ተመለሰና ተቀመጠ። ዳይሬክተራችን ከበሩ እየሮጡ መጥተው ከኋላዬ ቆመዋል፤ ትንፋሻቸውን እሰማዋለሁ። እኔ በልቤ ደብረ ሲና ደርሼ፣ ተድሬ፣ ዱቄት ከጋቢ ላይ እያራገፍኩ ነበር።

«ተናገር እስቲ» አለው ኢንስፔክተሩ ተከሳሹን።

ተከሳሹ ንግግር አያምርለትም። ውኃውን እንዳልጠለፈው፣ የከሳሹ የራሱ በሬ ከጋጣው ወጥቶ የቦዩን ግድብ ረግጦ እንዳፈረሰው፣ ውኃው መንገድ ሲያጣ ወደ ታች ወደ እሱ ማሳ እንደፈሰሰ በተቆራረጠ ቃል ተናገረ። ቢያፍርም ጨመረ፤ የእሱም ሽንኩርት በውኃ ብዛት በስብሷል። ኢንስፔክተሩ ወደ ከሳሹ ዞሮ በሬው ያን ሌሊት የት እንደነበረ ጠየቀው። ከሳሹ መሬቱን በበትሩ መጫር ጀመረ። ሁለቱ ገበሬዎች ግድቡን አንድ ላይ እንዲሠሩ፣ ከሳሹ በሬውን እንዲያስር፣ ተራው ግን እንዳልጠጣ ተቆጥሮ እንዲመለስለት ተፈረደ። ቋጠሮውን ኢንስፔክተሩ በገዛ እጁ ፈታው፤ ጠብቆ ስለነበር በጥርሱም ረድቶታል። ምርቃቱ ከእሱ ባርኔጣ እስከ ልጅ ልጆቹ ደረሰ፣ እምቢ ቢልም ሁለት ዘንግ ሸንኮራ ብብቱ ሥር ከተቱለት። ግቢያችን የገባው ከነሸንኮራው ነው።

ቢሮ ውስጥ ዳይሬክተሩ ከእኔ ቀደሙ። ስለ ነጠላው፣ ስለ አለንጋው፣ ስለ ወተቱ አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ልጆቹ ያነበቡት የእሳቸው ትእዛዝ እንደሆነ፣ ልጅቷ ያሳየችው ድፍረት ግን የእኔ ትምህርት መሆኑን ለይተው አስረዱ። ሐሰት አልነበረበትም፤ ያ ነው የከፋኝ። ኢንስፔክተሩ ሸንኮራውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ብዕሩን አወጣ። ብዕሩ ወረቀቱን ነካ። ከዚያ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ ያለ መሰለኝ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

ቀላል ጥያቄ ነው። እኔ ግን ዓይኔ እንባ ሞላ። ለሌላው ሰው ሁሉ ይሰማ እያልኩ መንፈቅ ሙሉ ጮኼያለሁ፤ ስለ ራሴ ጉዳይ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ቃል ከማንም አፍ ሰምቼው አላውቅም። በመጽሐፉ ያለውን እንዳስተማርኩ፣ ልጆቹም እኔ እንዳልኳቸው እንዳደረጉ፣ ጥፋት ከተባለ የእኔ እንጂ የልጅቷ እንዳልሆነ ተናገርኩ። ዝም ብል ጥሩ ነበር። አፌ አንዴ ከተከፈተ አይዘጋምና ስለ ውሉም፣ ስለ ፋሲካም፣ ስለ ወፍጮውም ነገርኩት። ዳይሬክተራችን ሳል ያዛቸው። ኢንስፔክተሩ ጥቂት አሰበና ወፍጮው ከሥልጣኑ ውጭ መሆኑን ነገረኝ። ትምህርቱን በተመለከተ ግን የሁለታችንንም ቃል ስለሰማ አሁን ሊያጸድቀኝም ሊያሰናብተኝም እንደማይችል፣ በሰኔ ተመልሶ መጥቶ አይቶ እንደሚወስን ተናገረ። እውነተኛ ፍርድ ነበር። ለእኔ ግን ሞት ነው፤ ፋሲካ ከሰኔ ይቀድማል።

ለበዓል ልሄድ ዕቃዬን ስሸክፍ ዳኛዋ ልጅ ፓፓያ ይዛ መጣች። ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ለተማሪ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም፣ ነገር ግን የምነግረው ሌላ ሰው አልነበረኝም። ቅንድቧን ሰብስባ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«እርስዎ ተሰምተዋል?» አለችኝ።

አውቶቡሱ ያን ሁሉ ዳገት ሲወጣ ይህን ጥያቄ ታቅፌ ወጣሁ።

በፋሲካ ቀን ቤታችን ሰው ሞልቷል። አጎቶቼ አሉ፤ የወፍጮው ባለቤት ነጭ ለብሶ፣ ቅንድቡን አጥቦ መጥቷል። «እንኳን አደረሰሽ!» ሲለኝ ውሾች ጮኹ። ምግቡ ጋብ ሲል አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገና የውሉ ቀን መድረሱን፣ እኔም አለመጽደቄን ለተሰበሰበው ሰው ገለጸ። ቀኑን ሊቆርጥ ነው። እኔም ተነሣሁ።

«በሕግ አምላክ፣ አባባ» አልኩት። «ሳልሰማ እንዳይፈርዱብኝ።»

ሥጋው እጁ ላይ ቀረ። አባቴ ዕድሜውን ሁሉ ዳኛ ፊት ቆሞ ያን ቃል የጮኸ ሰው ነው፤ ልጁ በእሱ ላይ ትጮኸዋለች ብሎ ግን አልሞ አያውቅም። ልቆጣ ወይስ አልቆጣ ሲል ፊቱ ላይ አየሁት። ከዚያ ሥጋውን አስቀመጠ፣ እጁን ታጠበ፣ ጋቢውን እንደ ዳኛ አጣፍቶ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ተናገሪ» አለኝ።

ተናገርኩ። ፍርዴ ገና በሰኔ ነው፣ አልጸደቅሁም አልተሰናበትኩምም አልኩ። ውሉ የተቋጠረው በሁለት ሰዎች መካከል መሆኑን፣ የሚፈጸመው ግን በሦስተኛዋ ላይ መሆኑን፣ ሦስተኛዋም ቃሏን እንዳልሰጠች ተናገርኩ። የወፍጮው ባለቤት በየመሐሉ «ምን አለች?» ይላል። አንደኛው አጎቴ እየጮኸ ይደግምለታል። ስለዚህ ክርክሬን ያን ቀን ሁለት ሁለት ጊዜ ነው ያሰማሁት፤ ከአጥር ውጭ ያለውም ሳይቀር ተከታትሎኛል።

አባቴ አሰበ። በሰኔም ካልጸደቅሁ ያለ ክርክር እንደምመለስ ዋስ እንድጠራ አዘዘኝ። ዋስ የሌለው ቃል አባቴ ዘንድ ቃል አይደለም። ወደ ታላቁ አጎቴ አየሁ፤ አጥንቱን ይግጣል። ወደ ታናሹ አየሁ፤ ጠላውን አንሥቶ ፊቱን ሸፈነ። ማን ከወፍጮ ባለቤት ጋር ይጣላል? እህሉን የት ሊያስፈጭ ነው? የሮቢት ስልሳ ልጆች አጠገቤ ቢሆኑ ኖሮ ብዬ ተመኘሁ።

«ዋሷ እኔ ነኝ» አለች እናቴ።

ከጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ ጭልፋው እጇ ላይ ነው። እናቴ በዚያ ቤት ያ ሁሉ ክርክር ሲወራ እንግዳ ስታስተናግድ ኖረች እንጂ ቃል ጣል አድርጋ አታውቅም። አባቴ ዞሮ አያት። ከእያንዳንዱ ዳኛ በላይ ሌላ ዳኛ ፈልጎ የማያጣ ሰው ነበር፤ ያን ቀን ግን ይግባኝ የሚልበት ጠፋው። የወፍጮው ባለቤት እንደ ልማዱ «ምን አለች?» አለ። አሁን የሚደግምለት አጎት ጠፋ። አባቴ ራሱ ጎንበስ ብሎ በጆሮው ነገረው።

በሰኔ ጸደቅሁ። ኢንስፔክተሩ የመጣው በአውቶቡስ እስከ በሩ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በእግሩ አይሄድም አሉ። የወፍጮው ባለቤትም በዚያው ዓመት ከአሥር ዓመት በላይ ጎረቤቱ የነበረች፣ ድምፅዋ ከእሱ የማያንስ ደህና ሴት አገባ።

የፋሲካው ዕለት ማታ ግን ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ከእናቴ ጋር ጓዳ ዕቃ እናጥብ ነበር። እንዴት ደፈርሽ አልኳት። እጇን ከውኃው ሳታወጣ፣ እኔን ሳታይ መለሰችልኝ።

«እኔንም ስዳር የጠየቀኝ አልነበረም» አለችኝ። ከዚያም ድስቱን እንዳቀብላት ጠየቀችኝ።